ለ10 ሰው ላኩ

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ስልክ ከጮኸ ደሴ ላይ ወይ ሰው ሞቷል ወይ ውሃ መጥቷል። ሰሞኑን ሦስተኛ ምክንያት ተጨምሯል፦ በስልክ የሚላክ ምስል። ምስሉ ሲከፈት እንፋሎቱ የሚትጎለጎል ስኒ፣ ጠል ያረፈበት ጽጌረዳ፣ ከላዩ ደግሞ በወርቅማ ፊደል «ዛሬም በሰላም ስላነቃኸን ተመስገን። አሜን ሳትሉ እንዳታልፉ። ለ10 ሰው ላኩ፤ እስከ ማታ የምሥራች ትሰማላችሁ» ይላል። ላኪው ልኮ ተመልሶ ተኝቷል። የነቃው ተቀባዩ ነው።

በዚያ ሰዓት የጦሳ ተራራ ገና ጉሙን አልገፈፈም። ከአልጋው የወረደ ሰው ቢኖር ኪዳን ለማድረስ ነጠላውን ተከናንቦ ወደ መድኃኔዓለም የሚሄደው ነው፤ ወይም ጀሪካኑን ደርድሮ ቧንቧው እስኪያጉረመርም የሚጠብቀው። ሁለቱም ስልክ የሚያዩበት እጅ የላቸውም።

ደግሞ ሒሳቡ! አንዱ ለ10 ሰው ቢልክ፣ እነሱም እያንዳንዳቸው ለ10 ቢልኩ፣ በ3ኛው ዙር 1,000፣ በ6ኛው ዙር 1 ሚሊዮን ይሞላል። ደሴና ኮምቦልቻ የጡት ልጅ ሳይቀር ቢቆጠሩ ያን ያህል ሰው አይወጣቸውም። እንግዲህ 6ኛው ዙር ሳይሞላ ያው ምስል ወደዚያው ሰው ዞሮ ይመጣል ማለት ነው። መምጣቱን የመጣበት ያውቃል።

10 ቁጥርን ከወደዱት ሉቃስ 17 ላይ ያሉትን ዐሥር ሰዎች ለምን አያዩአቸውም? ዐሥር ለምጻሞች ከሩቅ ቆመው ወደ ጌታ ጮኹ፤ ሂዱና ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ ተባሉ፤ እየሄዱ ሳለ ነጹ። አንዱ ብቻ ከመንገድ ተመልሶ በታላቅ ድምፅ እያመሰገነ እግሩ ሥር ወደቀ። እሱም ሳምራዊ ነበር። «ዘጠኙስ ወዴት አሉ?» የተባለው ያኔ ነው። ለዘጠኙ ጥብቅና ቢቆምላቸው ሙግት አያጡም፤ የታዘዙትን እየፈጸሙ ነበር። በሆዳቸው ተመስገን ሳይሉ ቀሩ ብሎ መጠርጠርም ይከብዳል። ስልክ ቢኖራቸው ኖሮ ዘጠኙም ጽጌረዳውን በላኩ። እግራቸውን ግን አላዞሩም።

ቤተ ክርስቲያን ምስጋናን በጅምላ አታስወራርድም። ጸሎተ አኮቴትን፣ የምስጋናውን ጸሎት፣ ልብ ብሎ የሰማ ያውቃል፤ ይዘረዝራል። ስለ ሸፈነን፣ ስለ ረዳን፣ ስለ ጠበቀን፣ ስላቀረበን፣ ስለ ተቀበለን፣ ስላጸናን፣ እስከዚች ሰዓት ስላደረሰን። ለቀኑም ሰባት የጸሎት ጊዜ ተሠርቶለታል፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። ሰባቱን ማድረስ ያልቻለ ሠርኩን ይዞ የዋለበትን ቢቆጥር እንኳ ብዙ ነው። ቆጠራው ደግሞ «ዛሬ ደህና ዋልን» ተብሎ አያልቅም። ማን በር ከፈተልህ? ማን ወረፋ ለቀቀልህ? የልጅቷ ትኩሳት በስንት ሰዓት በረደ? ዝርዝሩ ሲጠፋ ምስጋናው ክዳን ይሆናል።

ክዳንነቱን ለማየት ማንንም «እንዴት ከረማችሁ?» ማለት ነው። ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስብና «ተመስገን ነው» ይላል። ከዚያ ወዲያ ጠያቂ አፉን ይይዛል። ከክዳኑ ሥር የቤት ኪራይ አለ፣ የጥርስ ሕመም አለ፣ ሥራ ያጣ ልጅ አለ፤ ማን ከፍቶ ይየው? ኢዮብ እኮ «እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔርም ነሳ» ብሎ ባረከ፤ መጽሐፉ ግን 42 ምዕራፍ ነው፤ ከ3ኛው ጀምሮ የተወለደበትን ቀን እየረገመ ብሶቱን ዘርግፏል። በመጨረሻ ቅን አልተናገራችሁም ተብለው የተገሠጹት ሊያጽናኑት መጥተው የሰበኩት ወዳጆቹ ናቸው።

እነዚያ ወዳጆች ዛሬም አልሞቱም፤ ለቅሶ ቤት ንፍሮ ይዘው ተቀምጠዋል። «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» የሚለውን የመሰለ ተረት አማርኛ ውስጥ ብዙ የለም። ጠቡንም ድግሱንም ለአንድ ጌታ ሰጥቶ፣ ሰውን ድግሱን እንዲጠብቅ ያስቀምጠዋል። ተረቱ ግን ባለቤት አለው። ጠቡን ያየ፣ ድግሱንም የቀመሰ ሰው ከዓመታት በኋላ ዞር ብሎ ሲናገረው ነው የሚያምረው። ጎረቤት በሦስተኛው ቀን፣ ያውም አፉ ውስጥ ሽምብራ እያላመጠ ሲወረውረው ስድብ ነው። ሐዘንተኛው ምን ይበል? «ድግሱ መቼ ነው?» ይበል?

ድግስ ከተነሳ አንድ የቆየ ቂም አለ። «እስቲ ማዕዱን ባርኩልን» ሲባል ካህን ካለ ሥራው ነውና ልክ ያውቃል። ይቆማል፣ ያማትባል፣ አባታችን ሆይ ይባላል፣ እመቤታችን ሆይ ይከተላል፣ ቆረስ አድርጎ ይባርካል። ጥቂት ደቂቃ ነው። መከራው የሚመጣው ካህን ጠፍቶ አንድ የቀድሞ ሹም ሲነሳ ነው። ለአስፋልቱ ያመሰግናል፤ ለሙሽሮቹ አያቶች፣ ለኮሚቴው፣ ለድንኳኑ አከራይ ያመሰግናል፤ በመሃል ለራሱም ጣል ያደርጋል። የበግ ወጥ ስብ ደግሞ የደሴ ብርድ ላይ ወዲያው ይረጋል። ላዩ ነጭ ሽፋን ሲይዝ ያየ እንግዳ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲጸልይ አይጠበቅም። ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል ረዘም ያለ ምርቃት ይችላል፤ እዚያ ይሂድና ይናገር።

ከምግብ በኋላ ያለውንስ ማን ያስታውሰዋል? ዘዳግም 8 በልተህ በጠገብህ ጊዜ ባርክ ነው የሚለው፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ ስትጠግብ እንዳትረሳ እያለ ያስጠነቅቃል። የሚረሳው የጠገበ ነው፤ የራበውማ ማሳሰቢያ አይፈልግም። ብልሃቱ ቀላል ነው፤ የእጅ ውሃ ከመዞሩ በፊት መነሳት። ማስታጠቢያው አንዴ ከዞረ ግማሹ ጥርሱን ሊጎረጉር፣ ግማሹ ስልኩን ሊነካካ ይበተናል።

ማዕዱ ላይ የተዘረጋውን እንጀራ እንይ። ጤፉ ተቦክቶ ርሾ ገብቶበት ቡሃቃ ውስጥ ይቀመጣል። ኮምቦልቻ ላይ በሁለተኛው ቀን ኩፍ ብሎ ይነሳል፤ አንድ ቀን ቢያድር ይኮመጥጣል። ደሴ ላይ፣ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ በወጣው ብርድ፣ ያው ሊጥ ሦስት ቀን፣ ክረምት ሲሆን አራት ይፈልጋል፤ ጋቢ ተጠቅልሎለት ምድጃ አጠገብ ይተኛል። ከዚያ ላዩ ያቀረረው ውሃ ይደፋል። ከሊጡ ተቀንሶ አብሲት ይጣላል፤ ፈልቶ፣ ወፍሮ፣ በረድ ብሎ ይመለስበታል። ትኩሱን የመለሰች እርሾውን ገደለችው፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም። እስኪቀዘቅዝ የረሳችውም ሊጡ አይነሳላትም። ከዚያ ምጣዱ ይሰማል፣ ጎመን ዘር ይነሰነስበታል፣ በማሰሻ ይታሰሳል፤ ሊጡ ከዳር ጀምሮ እየዞረ ወደ መሃል ይፈሳል፤ ዓይኑ ሲፈነዳ አክንባሎ ይደፋል። በዚህ መሃል መብራት ከሄደ ምጣዱ ላይ ያለው እንጀራም አይደለም፣ ሊጥም አይደለም፤ ተፍቆ ይጣላል። የቀረው ሊጥ መብራቱ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ሲጠብቅም ይኮመጥጣል።

እንግዲህ መሶቡ ይከፈትና ባለቤቱ «ለዕለት እንጀራችን ተመስገን» ብሎ ያማትባል። መልካም። ከዚያ አንዷን እንጀራ በሁለት ጣት ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ «ዛሬ ዓይኑ ምን ነካው?» ይላል። አራት ቀን ሊጥ ስታባብል የሰነበተችው ጓዳ ውስጥ ቆማ ትሰማለች። «እጅሽን ይባርከው» ማለት ስንት ብር ያስከፍላል? ያጎረሰ እጅ ተነከሰ የሚባለው ሌላ ምን ኖሮ ነው? ይኸው ሰው ነው ጠዋት «ውሃ መጣ፣ ተመስገን» ብሎ፣ 20 ሊትር ጀሪካን በትከሻው አቀበት ያወጣለትን ልጅ በ5 ብር የሚከራከረው። ሰማይ ሰማይ ሲያይ የልጁን ላብ አያየውም።

የሐረጎ ቁልቁለትም ያው ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ያማትባል። ደህና ሹፌር ማርሹን ቀንሶ በሞተሩ ኃይል እየያዘ ይወርዳል፤ ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬን ረግጦ የወረደ ፍሬኑ ይግልና መያዝ ያቆማል። በከባድ ማርሽ ሲንፏቀቅ ግን ከኋላ «ንዳው እንጂ፣ ምን ታንቀላፋለህ!» የሚል አይጠፋም። ኮምቦልቻ ሲደርሱ «እመቤቴ አደረሰችን፣ ተመስገን» ይባላል፤ ሹፌሩ በመልስ ሳንቲም ይሰደባል። እመቤታችን ያደረሰችው በማን እግርና በማን ማርሽ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን ሌላ ነው። ቤቱን ጥሎ የተሰደደ ሰው መንገድ ዳር ልጁን ታቅፎ ሲታይ «ኧረ ተመስገን፣ እኛስ ቤት አለን» ብሎ የሚያልፈው። ሉቃስ 18 ላይ መቅደስ ቆሞ፣ እንደ ሌላው ሰው፣ ይልቁንም እንደዚህ ቀራጭ ስላልሆንሁ አመሰግንሃለሁ ያለው ፈሪሳዊ ጸሎቱ በወጉ ሲታይ የምስጋና ጸሎት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ይጾማል፣ ዐሥራት ያወጣል። ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው ግን ደረቱን ሲደቃ የነበረው ቀራጭ ነው። በሰው ረሃብ ጥጋቡን የሚመዝን ሰው ምኑን አመሰገነ? ተመስገን ማለቱ ቀርቶበት ዳቦውን ቢቆርስ ይሻለው ነበር።

ከምስሉ ርቀናል። አጭር ነው፤ ለ10 ሰው መላክ የፈለገ ጋጋሪዋን፣ ሹፌሩን፣ ጀሪካን ተሸካሚውን ይጨምርበትና ይላክ። ስልክ ቁጥራቸው ከሌለው ለምን እንደሌለው ያስብበት።

ወሎ ላይ የምስጋና ወጉ ጠፍቶም አይደለም፤ ሳህን ላይ አለ። በበዓል ቀን ከክርስቲያኑ ቤት ወደ ሙስሊሙ፣ በእነሱም በዓል ከእነሱ ወደ እኛ ሳህን ይሄዳል። ሥጋ አይላክም፤ የአንዱን ዕርድ ሌላው አይበላም። ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሙዝ፣ ጥሬ ቡና ይሄዳል። ወዲያ ማዶ አልሐምዱሊላህ፣ ወዲህ ተመስገን ይባላል። ሳህኑ ባዶውን አይመለስም፤ ሌላ ቢጠፋ ሁለት ሎሚ ይቀመጥበታል። መታጠቡ ግዴታ ነው፤ የዳቦ ፍርፋሪ እንደተጣበቀበት መመለስ ነውር ነው። ጭራሽ የማይመልስም አለ፤ የፋሲካውን ሳህን እስከ ዛሬ ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠ ቤት ራሱን ያውቃል፤ አበባ ያለበት ነው፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ ተሸርፏል።