የሮማ ኮንክሪት ለዛሬ ግንባታ ይጠቅማል ወይስ ስሙ ብቻ ነው የቀረው?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ «ሮማውያን ትተውት ከሄዱት ሁሉ ለዛሬው ግንበኛ ይበልጥ የሚጠቅመው የኮንክሪት አሠራራቸው ነው።» ደጋፊው የግንባታ ቁሳቁስ ባለሙያ፣ ተቃዋሚዋ የስትራክቸር መሐንዲስ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ

የሮማ ቅርስ ሲነሳ ሰው ሁሉ ሕጉንና ቋንቋውን ያስቀድማል። እኔ አመድ ይዤ ነው የመጣሁት፤ ኔፕልስ አጠገብ ፖዙዎሊ ከምትባል ከተማ ዙሪያ የሚቆፈር የእሳተ ገሞራ አመድ።

ኖራ ብቻውን የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ነው። ስለዚህ ውኃ ውስጥ አይጠነክርም፤ ወፍራም ግንብ ውስጥም ላዩ ደርቆ እምብርቱ ለዓመታት ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። አመዱ ሲገባበት ግን ነገሩ ይለወጣል። አመዱ ውስጥ ያለው ሲሊካና አሉሚና ከኖራውና ከውኃው ጋር ተዋሕዶ አየር የማይፈልግ ማያያዣ ይሠራል። በክርስቶስ ልደት ዋዜማ የኖረው የሮማ አርክቴክት ቪትሩቪየስ መጠኑን ሳይቀር ጽፎልናል፦ ከጉድጓድ ለወጣ አሸዋ 3 እጅ አሸዋ ለ1 እጅ ኖራ፣ ለወንዝ ወይም ለባሕር አሸዋ 2 ለ1፤ በዚህኛው ላይ የተፈጨና የተነፋ ሸክላ አንድ ሦስተኛ ቢጨመር ማልታው ይሻላል ይላል። ባሕር ውስጥ ለሚሠራ ግን 2 እጅ የፖዙዎሊ አመድ ለ1 እጅ ኖራ ነው። ሄሮድስ ቂሳርያ ላይ ወደብ ሲያሠራ ይህ አመድ ከጣልያን በመርከብ ተጭኖ ሄዷል፤ የእንጨት ካሳፎርማ ባሕር ውስጥ እየሰጠመ ነው የተሞላው።

ከዚያ ሮም የሚገኘው ፓንቲዮን አለ። በሃድሪያን ዘመን፣ በ120ዎቹ ዓ.ም. ያለቀ ነው፤ የጉልላቱ ስፋት 43.3 ሜትር፣ ውስጡ አንድ ፌሮ የለም። ያለ ፌሮ በተሠሩ የኮንክሪት ጉልላቶች ዛሬም የሚበልጠው የለም። ዘዴው ጠጠሩ ላይ ነው፦ ከታች ከባድ የኖራ ድንጋይ፣ ከፍ ሲል የጡብ ስብርባሪና ቀለል ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ፑሚስ የሚባለው ባለ ቀዳዳና በጣም ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ውፍረቱም ከሥሩ ወደ 6 ሜትር ተነሥቶ አናቱ ላይ ወደ 1.2 ሜትር ይወርዳል።

ተቃዋሚ

እስቲ ተጠየቅ እንበል። ፓንቲዮንን አየን፤ የወደቁትን ማን ቆጠራቸው?

በአንደኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፕሊኒ የሮም ሕንጻዎች የሚፈርሱበት ዋናው ምክንያት የኖራ ስርቆት ነው ይላል፤ ኖራው ተሰርቆ ድንጋዩ ያለ ማያያዣ ይደረደር ነበር። የሮምን ውኃ በኃላፊነት ያስተዳደረው ፍሮንቲኑስ ደግሞ ውኃ ወደ ከተማው የሚያመጡት ቦዮች ጥገና የሚፈልጉበትን ምክንያት ሲዘረዝር ከእርጅናና ከጎርፍ ጋር የተበላሸ የእጅ ሥራን ይጠቅሳል፣ ይህም በአዲሶቹ ላይ ይብሳል ሲል ያክላል። ሲሚንቶ ከዲፖ የሚጠፋበት ሳይት ላይ ለሠራ ሰው ይህ ጨርሶ አዲስ ወሬ አይደለም። ዛሬ ቆመው የምናያቸው የተረፉት ብቻ ናቸው፤ ሁሉም እንደዚያ ነበር ማለት የመቃብሩን ቦታ ሳያዩ መንደሩ ጤነኛ ነው እንደማለት ነው።

ፓንቲዮን ራሱም ተሰንጥቋል። ጉልላት ሲሠራ የታችኛው ክፍሉ ዙሪያውን ወደ ውጭ ይለጠጣል። ኮንክሪት ደግሞ ጭነትን እንጂ ልጠጣን አይችልም፤ ስለዚህ ከሥር ወደ ላይ የሚወጡ ስንጥቆች አሉት። ያልወደቀው ስንጥቆቹ ጉልላቱን ጎን ለጎን እንደቆሙ ቅስቶች ስላደረጉት፣ የቅስቶቹን ግፊትም 6 ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ግንብ ስለያዘው ነው። ያዳነው የግንቡ ውፍረትና የቅስቱ ቅርጽ ነው እንጂ አመዱ አይደለም።

ጥንካሬውንም በቁጥር እንየው። ከሮማ የባሕር ኮንክሪት የተወሰዱ ናሙናዎች ሲጨመቁ የሚችሉት ግፊት በጥቅሉ ከ10 ሜጋፓስካል ብዙም አይዘልም። የእኛ ሲ-25 የሚባለው ኮንክሪት በ28 ቀን 25 ነው። ፌሮውን ትተን ኮንክሪቱን ብቻ ብናሰላ፣ 40 በ40 ሳንቲሜትር የሆነ ኮለን በሮማ ኮንክሪት ሲሠራ ወደ 63 በ63 ያድጋል። ምድር ቤቱ ላይ መኪና የሚያቆም ሕንጻ ይህን ቦታ ከየት ያመጣል?

ደጋፊ

ስንጥቁን እቀበላለሁ፤ ቁም ነገሩ ስንጥቅ ከመጣ በኋላ የሚሆነው ነው። የዛሬው አርማታ የሚሞተው ፌሮው ዝጎ ነው። ጤነኛ ኮንክሪት ፒኤቹ፣ ማለትም የአልካሊነቱ ልክ፣ ከ12 በላይ ስለሆነ ብረቱን ይጠብቃል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ እያለ ገብቶ ወደ 9 ሲያወርደው ወይም ጨው ሲደርስበት ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገት ከብረቱ በብዙ እጥፍ ስለሚሰፋ ሽፋኑን ይፈነቅለዋል። ፌሮውን ከካሳፎርማው የሚያርቀው ስፔሰር ሳይገባበት የተሞላ ሶሌታን ከሥር ቀና ብሎ ማየት ይበቃል፤ የፌሮው መስመር በዝገት ተስሎ ይታያል።

የሮማው ግን በተቃራኒው ነው። በ2017 የታተመ ጥናት፣ ባሕር ውስጥ ባለው ኮንክሪት ላይ የሰረገው ውኃ ከአመዱ ጋር እየሠራ ቶበርሞራይትና ፊሊፕሳይት የሚባሉ ክሪስታሎችን እንደሚያሳድግ አሳይቷል። በ2023 ደግሞ ጣልያን ውስጥ ካለችው የጥንት ከተማ ከፕሪቨርኑም ግንብ የተወሰደ ናሙና ውስጥ ነጫጭ የኖራ እብጠቶች ተመረመሩ። ድሮ «በደንብ ያልተቦካ ነው» ተብለው ይታለፉ ነበር። ተመራማሪዎቹ ውኃ ያልነካው የተቃጠለ ኖራ ከአመዱ ጋር በደረቁ ተደባልቆ ውኃ ሲገባበት ይጋል፣ እብጠቶቹም ይቀራሉ አሉ። ከዚያ በዚያው መንገድ ኮንክሪት ሠርተው ሰነጠቁት፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር በሚሆነው ስንጥቅም ውኃ አሳለፉበት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ኖራው እየሟሟ ተመልሶ ደረቀና ስንጥቁን ደፈነው። ያለ እብጠት የተሠራው ግን ማፍሰሱን አላቆመም።

ተቃዋሚ

ውኃ ያልነካ ኖራ ኮንክሪት ውስጥ አስገቡ ነው የሚሉኝ? የሲሚንቶ ፋብሪካ ሁሉ የሚፈራው እኮ እሱን ነው! ዘግይቶ ውኃ የሚያገኝ ኖራ ያብጣል፤ ልስን ላይ እንደ ፈንጣጣ ቀዳዳ ይተዋል፣ ከበዛ ደግሞ ከውስጥ ይሰነጥቃል። የሌ ሻትልየ ፈተና የሚባለው የተደረገው ለዚሁ ነው፤ የሲሚንቶው ማበጥ ከ10 ሚሊ ሜትር ካለፈ አውሮፓ ውስጥ አይሸጥም። ሮማውያንም ቢሆኑ ያውቁታል። ፕሊኒ እንደሚለው፣ ከእሱ በፊት በነበረው የግንባታ ሕግ ሥራ ተቋራጩ ሦስት ዓመት ያልሞላው ኖራ እንዳይጠቀም ተከልክሎ ነበር፤ ልስናቸውም ያልሰነጠቀው በዚህ ነው። የእርስዎ ጥናት ስለ ግንብ ሙሌት ነው፣ ልስኑ ሌላ ነው። ለሁለቱ አንድ አሠራር አድርገው አያቅርቡት።

ደግሞ ራስን የመጠገኑ ነገር የሚያስፈልገው ውኃ ነው። ፌሮ ባለበት ቢም ውስጥ ውኃ እንዲያልፍ መፍቀድ ማለት ፌሮውን መሸጥ ነው።

ደጋፊ

በሙሌትና በልስን ልዩነት ትክክል ነዎት፤ ጥናቱም ስለ ሙሌት ነው የሚናገረው። እኔ ግን ቢም ላይ አልተከራከርኩም።

ይልቅ ቁጠባውን እንመልከተው። ተፈጭቶ የፖርትላንድ ሲሚንቶ የሚሆነው ክሊንከር የሚጋገረው 1,450 ዲግሪ ላይ ነው፣ ኖራ በ900 ያልቃል። እንግሊዛዊው ስሚቶን በ1756 የኤዲስቶንን መብራት ቤት ሊሠራ ሲነሣ የተጠቀመባት ጥበብ ይቺው ነበረች፤ ከጣልያን ያስመጣውን አመድ ከእንግሊዝ ኖራ ጋር እኩል በእኩል ቀላቀለ። ያ መብራት ቤት ለዘመናዊው ሲሚንቶ ፍለጋ በር ከፋች ነው። እኛም ብንሆን ከረጢቱ ላይ «ፒፒሲ» (ፖርትላንድ ፖዞላና ሲሚንቶ) የሚል ሲሚንቶ ስንገዛ የምንገዛው ይህንኑ ነው፤ ሁለተኛው ፒ የፖዙዎሊ ስም ነው፣ ከስምጥ ሸለቆው የሚወጣው ፑሚስ ተፈጭቶ ገብቶበታል። በፒፒሲ ሶሌታ የሞላ ሁሉ ሳያውቀው የሮማን አመድ እያቦካ ነው።

ተቃዋሚ

የካርቦኑን ሂሳብ ሙሉ እናድርገው። አንድ ቶን ንጹሕ የተቃጠለ ኖራ ከድንጋዩ ብቻ ወደ 785 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ማገዶው ገና አልተቆጠረም። ቁጠባው ያለው በአመዱ ነው እንጂ በኖራው አይደለም፤ በዚህ ረገድ ፒፒሲን እኔም እደግፋለሁ።

ችግሩ ሳይት ላይ ነው። አመድ ያለበት ሲሚንቶ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀስ ይላል፤ የአመዱ ሥራ የሚጀምረው ሲሚንቶው ኖራ መልቀቅ ከጀመረ በኋላ ነው። ስለዚህ ውኃ ማጠጣቱ ቢያንስ 10 ቀን ይፈልጋል። ለተራ ሲሚንቶ የለመዱትን ቀን ቆጥረው ድጋፉን የሚያነሡ፣ ሦስት ቀን አጠጥተው የሚተዉ ሰዎች «ፒፒሲ ደካማ ነው» ይላሉ። ፍሮንቲኑስ በሮም ጊዜ እንኳን ግንብ የሚሠራው ከሚያዝያ መባቻ እስከ ኅዳር መባቻ፣ ያውም የበጋው ግለት ሲበዛ አቁሞ ነው ይል ነበር፤ ማልታው በልኩ ርጥበቱን እንዲጠጣ። ይህን ልማድ ብንወርስ በግሌ ደስ ይለኛል።

ደጋፊ

እንግዲያስ ቦታውን ልወስን። ፌሮ የሌለበት ሥራ፦ ከባድ የድጋፍ ግንብ፣ የባሕር ማዕበል መስበሪያ፣ የመስኖ ቦይ፣ የቅርስ ጥገና። ጎንደር ፋሲል ግቢ ላይ በጣልያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በአርማታ የተጠገነው ኋላ ተነቅሎ በኖራ ተተክቷል። ሲሚንቶው ርጥበት እንደ ኖራ ስለማያሳልፍ ያፍነዋል፣ የሚፈረፈረውም ድንጋዩ ይሆናል።

ተቃዋሚ

ቅርስ ጥገናውን እሰጥዎታለሁ፤ የኖራ ማልታ የሚገባበት ቦታ ነው። ለቀሪዎቹ ግን ቅድመ ሁኔታ አለኝ። አመድ ሁሉ አመድ አይደለም፤ በፍጥነት ቀዝቅዞ መስታወት የሆነው ይሠራል፣ ክሪስታል የሆነው ግን ተራ አሸዋ ነው፣ በዓይን ደግሞ አይለይም። ከቁፋሮው ወስደው እንደ ሲሚንቶ ያስፈጩት፤ ከሲሚንቶው 20 በመቶውን በእሱ ተክተው ኩብ (የመፈተኛ ናሙና) ያስወጡ፣ ያለ አመድ ከተሠራው ጎን ለጎን በ28 ቀን ይስበሩት። ጥንካሬው ያለ አመድ ከተሠራው ከ75 በመቶ በታች ከሆነ ያንን ጉድጓድ ይተዉት።