ለመተግበሪያ ሠሪ የሚበጀው ደካማው ስልክ ነው

በጎንደር መተግበሪያ የሚሠሩ ወጣቶች ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ዓይናቸው የሚያርፈው ውድ በሆነው ስልክ ላይ ነው። በዚህ ምርጫ አልስማማም። መተግበሪያው የሚሠራው ለፒያሳ ነጋዴ፣ ለአዘዞ ተማሪና ለባጃጅ ሾፌር ከሆነ፣ መፈተን ያለበትም ብዙዎቻቸው በኪሳቸው በያዙት፣ ማለትም 2 ወይም 3 ጊጋባይት ራም (የተከፈቱ መተግበሪያዎች የሚቀመጡበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ባለው ቴክኖ፣ አይቴል ወይም አሮጌ ሳምሰንግ ላይ ነው።

ልዩነቱ የፍጥነት ብቻ አይደለም። አንድ ተጠቃሚ የመመዝገቢያ ቅጹን በአማርኛ ሞልቶ፣ በአጭር መልእክት የተላከለትን የማረጋገጫ ቁጥር ለማየት ለአፍታ ወጣ እንበል። 8 ጊጋባይት ራም ባለው ስልክ ላይ ሲመለስ ብዙውን ጊዜ ቅጹን እንደተወው ያገኘዋል፤ በ2 ጊጋባይቱ ላይ ግን አንድሮይድ ቦታ ለማስለቀቅ ሲል መተግበሪያውን ከጀርባ ሊዘጋው ስለሚችል፣ ሠሪው የተጻፈውን የሚያስቀምጥ ኮድ አስቀድሞ ካላስገባ በስተቀር ባዶ ቅጽ ይጠብቀዋል። ያን ሁሉ ደግሞ የሚሞላ ሰው ጥቂት ነው። ውዱ ስልክ ይህን ጉድለት ከሠሪው ይደብቀዋል። ስልክን በላፕቶፕ ላይ የሚያስመስለው ፕሮግራም፣ ኢሙሌተሩም ቢሆን የሚሮጠው በላፕቶፑ አቅም ስለሆነ (ላፕቶፑን ማንገዳገዱ ሳይቆጠር) የርካሽ ፕሮሰሰርን ዝግታ በትክክል አያሳይም።

ዳታ ዘግቶ መፈተንም ለእኛ ቅንጦት አይደለም፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ያለ ኔትወርክ ምንም የማያሳይ መተግበሪያ ከንቱ ሆኖ እንደቀረ ሁላችንም አይተናል።

ለአንድ ውድ ስልክ በሚወጣው ገንዘብ ደካማውን ገዝቶ፣ በተረፈው ያገለገለ ጉግል ፒክስል መጨመር ይቻላል፤ አዲስ የአንድሮይድ ስሪት ቀድሞ የሚደርሰው እርሱ ነውና። ማክ ኮምፒውተር የሌለው ሰው ግን አይፎን ለሥራ ብሎ ባይገዛ ይሻለዋል፤ የአይፎን መተግበሪያ መሥሪያው ኤክስኮድ የሚሠራው በማክ ላይ ብቻ ሲሆን፣ ለሠሪነት ምዝገባ ጉግል ፕሌይ አንድ ጊዜ 25 ዶላር ሲያስከፍል አፕል በየዓመቱ 99 ዶላር ይጠይቃል። ዶላሩን ከዚህ ሆኖ መክፈል ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ሰው ላፕቶፑንና ዳታ የሚያስተላልፍ ገመድ ይዞ ይሂድ፤ ገመዱ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ከሆነ አይጠቅመውም። ከመክፈሉ በፊት በስልኩ ቅንብር ውስጥ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ነክቶ የገንቢዎችን አማራጭ ይክፈት፤ ላፕቶፑ በገመድ መተግበሪያ ጭኖ እንዲፈትን የሚፈቅደውን የዩኤስቢ ዲበጊንግን አብርቶም ስልኩ በአንድሮይድ መተግበሪያ መሥሪያው በአንድሮይድ ስቱዲዮ ላይ መታየቱን እዚያው ሱቁ ውስጥ ያረጋግጥ።