ጥር 11 ያስተማረው ጀግና

ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው ትምህርት ቤት፣ ጥር 11 ቀን ያስተማረ መምህር አውቃለሁ። አዎ፣ የጥምቀት ዕለት። ታቦት ከጥምቀተ ባሕር ሲመለስ፣ አገሩ በእልልታ ሲናጥ፣ እሱ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ለ7ኛ ክፍል ደጋና ቆላን ያስተምር ነበር። የዕለት ትምህርት ዕቅዱ፣ ማለትም ፕላኑ ላይ ተጽፏል። ከግርጌው «ተማሪዎች በንቃት ተሳትፈዋል» ይላል። ርዕሰ መምህሩ ፈርመውበታል፤ ማኅተሙም ጉብ ብሏል። እንዲህ ያለ ትጋት ከወዴት ይገኛል?

ምቀኞች «ካምና ገልብጦት ነው» ይላሉ። ይበሉ። መገልበጥ ቀላል መሰላቸው እንዴ? በ2015 አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ መጽሐፉ ተለወጠ፤ ሥነ ዜጋ እንኳ ስሙን ቀይሮ የዜግነት ትምህርት ሆነ። የኛ ሰው ፕላን ግን ንቅንቅ አላለም። ገጽ ቁጥሩን አስተካክሎ ቀጠለ።

ዋናው ትዕይንት ግን «ነገ ሱፐርቫይዘሩ ይመጣሉ» የተባለ ዕለት ነው። ያን ቀን ስታፍ ብትገቡ የደብረ ብርሃን ብርድ ራሱ ይረሳችኋል። የአንድ መንፈቅ ፕላን በአንድ ከሰዓት! ጥበብም አለው። ሁሉም ገጽ በአንድ ቀለም ከሆነ ያስነቃላ። ስለዚህ ሰኞ በሰማያዊ ይጻፋል፣ ማክሰኞ በጥቁር፣ ሐሙስ ደግሞ ሊያልቅ በደረሰ እስክሪብቶ። ጀግናችን ደብተሩ የተሠራበት እንዲመስል የሻይ ብርጭቆውን ገጹ ላይ ያስቀምጣል። ክቡ የሻይ ምልክት ከማኅተሙ ጎን ሲያርፍ ሰነዱ በሁለት መሥሪያ ቤት የጸደቀ ይመስላል።

(እኔም እዚያው ሦስት ዓመት አስተምሬያለሁ። ክፍሉ ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ ታጭቆ፣ ማንም የማያነበው ወረቀት ሲጠየቅ፣ ቀለም እየቀያየርኩ ጽፌያለሁ። የብርጭቆዋንም ዘዴ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።)

ያ ትምህርት በእውነት የተሰጠ ዕለት ለምልከታ ተብዬ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ፕላኑ 40 ደቂቃዋን እንደ ዳቦ ቆራርሷታል፤ መግቢያ 5፣ አቀራረብ 25፣ ማጠቃለያ 5፣ ግምገማ 5። መርጃ መሣሪያ፦ ሉል። ሉሉ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ፣ ቁም ሳጥን ላይ፣ ፕላስቲኩ ሳይገፈፍ በክብር ተቀምጧል።

መምህሩ ጀርባውን ሰጥቶ ሰሌዳ ይሞላል። አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ አባባ በአይሱዙ ሸዋሮቢት ሲወርድ ደብረ ሲና ላይ ጋቢውን ያወልቃል። ለምንድነው?»

ከደብረ ሲና በላይ ያለው ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። መንገዱ ደጋውን ቆላ ላይ ይደፋዋል። ትምህርቱ በሙሉ ከነመርጃ መሣሪያው በልጁ አፍ ውስጥ ነበር። ያውም ጋቢ! ለማየት ርዕሰ መምህሩን ቁልፍ መለመን አያስፈልግም። ግን ጥያቄው አልታቀደም።

«ማጠቃለያ ላይ ትጠይቃለህ» አለ መምህሩ፣ ዞር ሳይል። ከማጠቃለያው በፊት ደወል ተደወለ።

የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2። እኔ ያየኋቸው ደብተሮች ላይ ግን «ዓላማው ግቡን መትቷል» ያላለ አንድም ገጽ የለም። ጥፋቱ የተማሪዎቹ መሆን አለበት፤ ፕላኑን አላነበቡትማ።

ሱፐርቫይዘሩ መጡ። ገጾቹን በምራቅ እያገላበጡ ቆጠሩ። አንድም አልጎደለም። ቀና ብለው «ይሄማ ምርጥ ተሞክሮ ነው፤ ተቀምሮ ይስፋ» አሉ።

በሳምንቱ የጎረቤት ትምህርት ቤት መምህራን መጥተው ደብተሩን ፎቶ ኮፒ አደረጉት። የሻዩ ክብ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ጥር 11ም እንዲሁ።