ኧረ ጅራቱን አትያዙት!

ኧረ የሰው ያለህ! የዳይኖሰር ሞዴል ኤግዚቢሽን በተዘጋጀ ቁጥር ገሚሱ ሥራ ጠረጴዛው ላይ የሚደርሰው ተሰብሮ ነው። የተረፈውን ተመልካቹ በጣቱ ይጨርሰዋል። ስንት ሌሊት የተለፋበት ቲሬክስ፣ ያ ግዙፉ ሥጋ በል ዳይኖሰር፣ ከቁርጭምጭሚቱ ተገንጥሎ ወድቆ ማየት አንጀት ያሳርራል፤ በተለይ መዳን ይችል እንደነበር ለሚያውቅ።

ከራሳችን ከሠሪዎቹ እንጀምር። ቲሬክስ ጅራቱን መሬት ላይ አይጎትትም። ራሱና ጅራቱ ከዳሌው ፊትና ኋላ ተመዛዝነው አግድም ነው የሚቆመው፤ ስለዚህ የሬዚኑ (ሞዴሉ በሻጋታ የሚቀረጽበት ፕላስቲክ መሰል ነገር) ክብደት በሙሉ የሚያርፈው ሁለት ቀጫጭን ቁርጭምጭሚት ላይ ነው። በ1/35 ልኬት፣ ማለትም ከእውነተኛው 35 ጊዜ አንሶ የተሠራው ወደ 34 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ቁርጭምጭሚቱ ግን ከጥቂት ሚሊ ሜትር አያልፍም። ይህን በሱፐር ግሉ ብቻ አጣብቆ መኪና ላይ መጫን ምን የሚሉት ነገር ነው? ሱፐር ግሉ ሲጎትቱት ይይዛል፣ ሲንቀጠቀጥና ሲጋጭ ግን ይሰነጠቃል። ውስጡ ሽቦ መግባት አለበት፦ 2 ሚሊ ሜትር የብረት ሽቦ፣ በእጅ በሚዞር ትንሽ መሰርሰሪያ ከውስጥ እግሩ ወደ ላይ 1.5 ሳንቲ ሜትር። ቀዳዳው የቅልጥሙን ዘንበል ይከተል፤ ቀጥ ብሎ ከተበሳ በጎን በኩል ፈንድቶ ይወጣል። ከታች የሚተርፈው ሽቦ ኮምፔንሳቶው መቆሚያ ውስጥ ገብቶ በኢፖክሲ፣ ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ በሚጠነክረው ማጣበቂያ፣ ይታሰር። ኢፖክሲው ደግሞ በትክክል አንድ ለአንድ ይደባለቅ፣ አለበለዚያ እንደለሰለሰ ይቀራል። ከዚህ ሁሉ በፊት ሬዚኑን በለብታ ውሃና በዕቃ ሳሙና ማጠብ ግድ ነው፤ የሻጋታው ቅባት ካልለቀቀ ማጣበቂያም ቀለምም አይይዝም።

ደብረ ብርሃን ላይ የሚሠራ ሰው ብርዱን ይቁጠረው እንጂ! ከ2,800 ሜትር በላይ፣ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ፣ “የአምስት ደቂቃ” የተባለው ኢፖክሲ በአምስት ደቂቃ አይጠነክርም። ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ 24 ሰዓት ይቆይ። የሚረጭ ቫርኒሽ በጉም ጠዋት ከተረጨ እርጥበቱ ውስጡ ይታፈንና ቆዳው ላይ ነጭ ጭጋግ ይጥላል። ያ ጭጋግ ተጠርጎ አይለቅም።

ከዚያ መንገዱ። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ጣርማ በርን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ አየሩ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከብርድ ወደ ቆላ ሙቀት ይገለበጣል። የጎበጠ ሬዚን የምናቃናው በሙቅ ውሃ አለስልሰን አይደል? ፖርቶ መጋላ ላይ በፀሐይ የተቀቀለ ካርቶን ውስጥም ያው ነው የሚሆነው፤ ያ አግድም የተዘረጋ ጅራት ቀስ እያለ ይወርዳል። ረዳቱ “ላይ ይጫን” ሲል እሺ አትበሉ፣ ለተጨማሪ ወንበር ከፍላችሁም ቢሆን ውስጥ ያዙት። መቆሚያውን ከካርቶኑ ወለል ጋር ከሥር በብሎን እሰሩት፣ ገላውን ምንም አይንካው። ጋዜጣ ጠቅልሎ መጎስጎስ ጥርስና ጣት ይሰብራል፣ በደንብ ያልደረቀ ቫርኒሽ ላይም ጽሑፉን ያትማል።

አዘጋጆች ሆይ፣ እናንተስ? አንድ እግሯ አጭር የሆነች ጠረጴዛ፣ ያውም መስኮት ሥር! ጠረጴዛውን ግድግዳ አስጠጉት፣ ከፊት ለፊት ግማሽ ሜትር ርቃ ገመድ ትወጠር። ሰው ሞዴሉን ጅራቱን እንደ መጥበሻ እጀታ ይዞ ያነሳዋል እኮ! ማንሳት ካስፈለገ መቆሚያውን በሁለት እጅ ነው። “አትንኩ” የሚል ወረቀት ብቻውን ልጅ አያስቆምም፤ ልጅ መንካት ይፈልጋል፣ መብቱም ነው።

እዚህ ላይ የሚያናድደው ትልቁ ነገር አለ። ጠረጴዛው ሁሉ የአሜሪካ ዳይኖሰር ብቻ ነው። ከዓለም ከተማ ወዲህ ባለው የጀማ ሸለቆ ጭቃ ድንጋይ ውስጥ የሥጋ በል ዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተው ተመራማሪዎች በ1999 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አሳትመውታል። ዘመኑ የጁራሲክ መጨረሻ ነው፣ ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፤ ቲሬክስ ከጠፋበት ከ66 ሚሊዮን ዓመቱ በእጥፍ ይርቃል። የሰሜን ሸዋ ልጅ ይህን ሳይሰማ ኤግዚቢሽን አይቶ ይወጣል! አንድ የሥጋ በል ጥርስ በሲሊኮን ሻጋታ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ገልብጡ፣ ያለ ቀለም፣ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አደብዝዛችሁ ከገመዱ ወዲህ በሳህን አስቀምጡ። ከጎኑ የጀማን ስም ጻፉበት። ልጆቹ እሱን ይንኩ፣ ያገላብጡ፣ ይጣሉት ቢፈልጉ።