ከበሩ እስከ መኪናው ያለው 20 ሜትር

የቤት ዕቃዬን ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ለማዛወር ለ515 ኪሎ ሜትር 48,000 ብር፣ ለ20 ሜትር ደግሞ 14,000 ብር ከፍዬ፣ ወንበሮቼ ሁሉ መኪና ላይ ስለወጡ ወለል ላይ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ። ሒሳብ የምትወዱ ወዳጆቼ አካፍላችሁ እዩት። አይሱዙው ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ድረስ አንዱን ሜትር ከ10 ሳንቲም ባነሰ ዋጋ ይወስድልኛል፤ ከኮንዶሚኒየማችን በር እስከ አይሱዙው ያለውን አንድ ሜትር ግን ጫኝና አውራጅ ጎረምሶች በ700 ብር ሸጡልኝ። ዕድሜውን መዝገብ ቤት ውስጥ የፈጀ ሰው ቁጥር ሲዛባበት እንቅልፍ አይወስደውም፤ እኔም ዛሬ ማታ የምተኛበት አልጋ ስለሌለኝ ብዙም የሚጎድልብኝ ነገር የለም።

ዕቃውን በምን እንደምናጓጉዝ ለመወሰን ያዘጋጀሁት፣ ባለቤቴ የምትስቅበት ሠንጠረዥ ከንቱ ሆኖ ቀርቷል። አማራጮቹን ሁሉ በመስመር ወረቀት ላይ ዘርዝሬ፣ ዋጋውን በአንድ በኩል፣ ስጋቱን በሌላ በኩል ጽፌ ነበር፤ ነገር ግን ዕቃን ከቦታ ቦታ ለማዛወር በጣም የሚያስወጣው መንገዱ ሳይሆን መንገዱ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቦታ መሆኑን የሚያሳይ መደብ በሠንጠረዡ ላይ አልነበረም።

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ዕቃ ሲያስብ መጀመሪያ የሚመጣለት ባቡር ነው። ከተማዋ ራሷ በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ስለደረሰ የተቆረቆረች ናት፤ እኛም በልጅነታችን ከለገሃር የተሳፈረ ዘመድ አልጋና ፍራሹን ሳይቀር ይዞ ሲወርድ እያየን ያደግን ነን። በ2010 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረውን አዲሱን ባቡር አልወቅስም፤ የተሠራው ለሌላ ሥራ ነው። የመንገደኛው ባቡር ከፉሪ ለቡ ተነሥቶ ሰውና ሻንጣ ያደርሳል፣ የጭነቱ ባቡር ኮንቴይነር ይጎትታል፤ እኔ ደግሞ ከሻንጣ በላይ፣ ከኮንቴይነር በታች የሆንኩ ጡረተኛ ነኝ። በዚያ ላይ ጣቢያዎቹ በሁለቱም በኩል ከመሀል ከተማ ውጭ ስለሆኑ፣ ዕቃውን ወደ ጣቢያው የሚወስድ አንድ መኪና፣ ከጣቢያው ወደ ቤት የሚያመጣ ሌላ መኪና ያስፈልጋል። ይህ ማለት ሁለት ጊዜ መጫንና ሁለት ጊዜ ማውረድ ነው፤ መጫንና ማውረድ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

አውቶቡስ ለጥቂት ነገር ይሆናል። የባለቤቴን የበርበሬና የሽሮ ዕቃዎች፣ ሙቀጫውንና አክንባሎውን በማዳበሪያ ቋጥረን ባለፈው ሳምንት በፖርቶመጋላ ልከናል፤ ረዳቱ ዋጋውን የሚተምነው ማዳበሪያውን መዝኖ ሳይሆን የላኪውን ፊት አይቶ ቢሆንም፣ ዕቃው በሰላም ገብቷል። ሙቀጫ ድሬዳዋ ውስጥ እንደማይጠፋ፣ ቀፊራ ገበያ ወርዶ መግዛት እንደሚቻል ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። ሦስቱን ወፍራም ብርድ ልብሶችም በዚያ ሙቀት ምን እንደምናደርግባቸው ጠይቄ መልስ አላገኘሁም፤ ብርድ ልብሶቹ ግን ሄደዋል።

ሸጦ እዚያ አዲስ መግዛት የሚለው የልጆቼ ሐሳብ ነበር። ወጣት ሰው ቀላል ነው፤ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሣና ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል። የዋንዛው ቁም ሳጥን ፎቶ ከተለጠፈ ደቂቃ ሳይሞላ «የመጨረሻ ስንት?» የሚል መልእክት መጣ። የመጀመሪያውን ዋጋ እንኳ ሳይጠይቅ የመጨረሻውን ለሚጠይቅ ሰው ምን ይመለስለታል? ሌላው መጥቶ ቁም ሳጥኑን በጣቱ አንኳኳና የዋንዛ ጣውላ ብቻውን ዛሬ የማይገዛበትን ዋጋ ጠራ፤ እንደ ውለታም ቆጥሮት «አንሥቼልህ ልሂድ» አለኝ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አዲስ ዕቃ ልግዛ ያለ ሰው ዶላሩ ጨምሯል ይባላል፤ አሮጌ ዕቃ ልሽጥ ሲል ግን ዶላሩን የሚያነሣለት የለም። የአይሱዙው ባለቤት ለሸራና ለገመድ ጨምር ያለኝ በዶላር ምክንያት ነው። ገመዱ የቃጫ ገመድ ነው!

ስለዚህ የቀረው መኪና ነው። እዚህ ላይ ብዙ አስቤአለሁ። አገራችን በጅቡቲ በኩል የምታስገባው ከምታስወጣው እጅግ ስለሚበልጥ፣ ጭነው የሚመጡት ተሳቢዎች አብዛኞቹ ወደ ወደቡ የሚመለሱት ባዶአቸውን ነው፤ ታዲያ ባዶ የሚወርድ መኪና የአንድ ጡረተኛ ዕቃ በርካሽ ቢጭን ምን ይጎዳዋል? ብዬ ለደላላው ነገርኩት። ደላላው ሳቀ። ተሳቢዎቹ አብዛኞቹ አዋሽ ላይ ሲደርሱ ወደ ሚሌና ጋላፊ ይታጠፋሉ እንጂ ወደ ድሬዳዋ አይዞሩም፤ «ዕቃህን አዋሽ ላይ አውርደው ይሂዱ?» አለኝ። ሳቁን ባልወድለትም መልሱ ትክክል ነበር። ለብቻዬ አንድ ኤንፒአር፣ ማለትም አነስተኛውን አይሱዙ፣ ልያዝ ስል 65,000 ብር ጠራብኝ፤ በመጨረሻ ጤፍ ጭኖ የሚወርድ ኤፍኤስአር የሚባለው ትልቁ አይሱዙ ተገኘና የእኔ ዕቃ በጤፉ ላይ ተደርቦ በ48,000 እንዲሄድ ተስማማን። የቤት ዕቃ ከክብደቱ ይልቅ የሚይዘው ቦታ ይበልጣል፤ ነጋዴው በኩንታል ይከፍላል፣ የእኔ ሶፋ ግን ሦስት ኩንታል ሳይመዝን የሃያ ኩንታል ቦታ ይወስዳል እየተባለ ተከራከሩኝ። ይህም ቢሆን ምክንያት አለውና አልከፋኝም።

የከፋኝ ዋስትና ስጠይቅ የሆነው ነው። አንድ መድን ቢሮ ሄጄ ዕቃዬ መንገድ ላይ ቢጎዳ የሚክስ ውል እንዳለ ጠየቅሁ። አለ። የእያንዳንዱን ዕቃ የግዢ ደረሰኝ አምጣ ተባልኩ። በ1985 ዓ.ም. አናጺ እቤታችን መጥቶ፣ ምሳ እየበላ፣ ቡና እየጠጣ የሠራውን ቁም ሳጥን ደረሰኝ ከየት ላምጣ? ሹፌሩን ደግሞ ዕቃን በየብስ ስለማጓጓዝ የወጣ አዋጅ ቁጥር 547/1999 መኖሩን፣ ዕቃው ከተረከበበት ጊዜ ጀምሮ እስኪያስረክብ ድረስ ኃላፊነቱ የአጓዡ መሆኑን በትሕትና አስታወስኩትና ዝርዝሩን እንዲፈርምልኝ ጠየቅሁት። «ፋዘር፣ እኔ ጤፍ ነው የምጭነው፤ አዋጅ አልጭንም» አለኝ። አልፈረመም።

የወረዳውን መሸኛ ነገር ባላነሣው ይሻለኛል። ድሬዳዋ ላይ መታወቂያ ለማውጣት ከዚህ መሸኛ ያስፈልጋል፤ መሸኛው ደግሞ «ሲስተም የለም» ተብሎ ቀጠሮ ሲሰጠኝ ከረመ። ሲስተሙ የመጣ ዕለት የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ሄዶ ነበር። እኛ በነበርንበት ዘመን መዝገቡ በእጅ ይጻፍ ስለነበር፣ ሰው እንጂ መዝገብ ጠፍቶ አያውቅም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ መሸኛውን ይዤ መጥቼ ኬላ ላይ ዕቃው የራሴ መሆኑን እንዲያሳይ ለሹፌሩ ቅጂውን ብሰጠው፣ ኮንትሮባንድ ከዚያ ወደዚህ እንጂ ከዚህ ወደዚያ እንደማይሄድ ነግሮ መለሰልኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ አሮጌ ቴሌቪዥን የሚያሻግር ሰው ቢያዝ እንኳ የሚጠየቀው በወንጀል ሳይሆን በጤናው ነው ማለቱ መሰለኝ።

አሁን ወደ ዛሬ ጠዋቱ ልምጣ። ልጄና ጓደኞቹ ገና ሳይነጋ ጀምረው ዕቃውን በሙሉ ከአራተኛ ፎቅ በደረጃ አውርደው ግቢው ውስጥ ደርድረውት ነበር። አይሱዙው በሩ ላይ ቆሟል። ጎረቤቶቻችን፣ የዕድሩ አባላት ጭምር፣ ሊሸኙን ወጥተዋል። በዚህ መሐል ባጅ ያንጠለጠለ አንድ ጎረምሳ፣ ከኋላው ሌሎች አምስት ስድስት አስከትሎ ገባ።

«ፋዘር፣ ዕቃው ያንተ ነው?»

የእኔ መሆኑን ነገርኩት።

«ማን አወረደው?»

ልጄና ጓደኞቹ እንደሆኑ አስረዳሁ።

«ልጅህ ማኅበር አለው?»

ልጄ ማኅበር እንደሌለው፣ የሚያግዘኝም ልጄ ስለሆነ ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። ጎረምሳው በታላቅ ትዕግሥት አዳመጠኝና «ደረጃው አይመለከተንም፤ መኪና ላይ የሚወጣው ግን የኛ ነው። 22 ሺሕ» አለኝ። እኔም ባለንብረቱ ከፈለገ በራሱ ጉልበት መጫንና ማውረድ እንደሚችል፣ ማንም ሊያስገድደው እንደማይገባ ባለሥልጣናቱ ደጋግመው ሲናገሩ መስማቴን ገለጽኩ።

«የት ነው የሰማኸው?»

«በቴሌቪዥን» አልኩ።

በጣቱ ዕቃው መሐል የተቀመጠውን ቴሌቪዥን አሳየና «እንግዲያው እሱ ይጫንልህ» አለኝ።

ሳቁ። ልጄም ሳቀ፤ ይህን ለብቻው ይዤበታለሁ። ከዚያ ጎረምሳው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በዕቃዬ መካከል እንደ ሐራጅ ተጫራች ይዘዋወር ጀመር። «ይቺ ፍሪጅ ትሠራለች?» አለ። ትሠራለች አልኩ። «ድሬ ስትደርስስ?» አለ። የመጻሕፍቱን ካርቶኖች በእግሩ ነካ አድርጎ «ይኼ ሁሉ ወረቀት ለበርበሬ መጠቅለያ ነው?» አለ። ሁሉንም ችዬ ሳለሁ፣ የዕድሩ ሰብሳቢ አድርገው በመረጡኝ ሰዎች ፊት፣ «ለመሆኑ ጡረታህ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ዝም አልኩ። «ዝም ካለ ብዙ ነው ማለት ነው» አለና ወደ ጓደኞቹ ዞረ።

የደንብ አስከባሪዎች ተጠርተው መጡ። ሁለቱንም ወገን አዳምጠው የሰጡት ውሳኔ አንዲት ቃል ናት፦ «ተስማሙ»። ሹፌሩ በበኩሉ የቆመበት ሰዓት እንደሚታሰብብኝ ሰዓቱን እያየ ያስታውሰኝ ጀመር፤ ከጎረምሶቹ ጋር በስም ሲጠራሩ ስሰማ ግን የተገናኙት ዛሬ እንዳልሆነ ገባኝ። በ14,000 አለቀ። ልጄና ጓደኞቹ ያን ሁሉ ደረጃ በነጻ ወርደው ዳር ቆመው እያዩ፣ ጎረምሶቹ ከበሩ እስከ መኪናው ያለውን 20 ሜትር ሠሩ። የቁም ሳጥኑን መስታወትም እዚያው 20 ሜትር ውስጥ ሰበሩት። ምን አደረጋችሁ ስላቸው «ድሮም ተሰንጥቆ ነበር» አሉኝ። ደረሰኝ ስጠይቅ ያ ባጁ ያለው ልጅ በእውነተኛ ርኅራኄ ተመለከተኝ።

ባለቤቴ «ተወው፣ በሰላም መውጣታችን ይበቃል» ትላለች። እሷ ሁልጊዜ ትክክል ናት፤ ትክክል መሆኗ ግን ንዴቴን አያበርደውም። አንድ ሰው 60 ዓመት ሲሞላው በቃህ ተብሎ ከሥራ ይሰናበታል፤ ዕቃውን ለመጫን ሲሆን ግን ኪሱ ገና ጎልማሳ ነው ተብሎ ይታመናል። ባለፈው ዓመት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ለቤታችን ግንባታ አሸዋ ሲራገፍ እንዲሁ ነበር የሆነው፤ አሸዋውን መኪናው ራሱ ጀርባውን አንሥቶ ደፋው፣ ተከፋዮቹ ግን ቆመው ያዩ ሰዎች ነበሩ።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ሹፌሩን ደወልኩለት። የአዲስ አበባ አዳማን የክፍያ መንገድ ሒሳብ ለብቻው ከእኔ ተቀብሏል። የት ደረሳችሁ ስለው ረዳቱ አነሣና «ዱከም ምሳ ላይ ነን» አለኝ። በፍጥነት መንገዱ የሚሄድ ሰው ዱከም ከተማ ገብቶ ሥጋ ቤት ምን ይሠራል? የቀረጡ ብር ጥብስ ሆኗል ማለት ነው። ምንም አላልኩም፤ ምክንያቱም ዕቃዬ ገና ጭሮን፣ ቁልቢንና የደንገጎን ቁልቁለት በዚያው ሰው እጅ ነው የሚያልፈው።

ወንድሜም ከድሬዳዋ ደውሎ ነበር። ሳቢያን ያሉት ጫኝና አውራጆች ከወዲሁ መኪናው በየትኛው ሰዓት እንደሚገባ ጠይቀውታል፤ ማን እንደነገራቸው አላወቀም፤ እኔ ግን ረዳቱን እጠረጥራለሁ። ምን አልካቸው ስለው «አቦ፣ ምን ልበላቸው፣ ነገ ማታ አልኳቸው» አለኝ። መኪናው የሚገባው ነገ ከሰዓት ነው።

ስለዚህ ድሬዳዋ ያላችሁ ወዳጆቼና የወንድሜ ልጆች፣ ጉልበት ያላችሁ ሁሉ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ሳቢያን በሩ ላይ ተገኙልኝ። ምሳና ቀዝቃዛ ውኃ በእኔ ነው። ፍሪጇን ግን በቁሟ አውርዷት፣ አታጋድሟት።