እጃችሁ ይባረክ፣ ጫካውን ጠረጋችሁልን

ሰሞኑን ደግሞ የ«ጫካ ጽዳት» ፎቶ በየስልካችን ሲዞር ከረመ። አይታችሁታል። የወደቀ ግንድ ሁሉ ተለቅሞ፣ ተከምሮ፣ እሳት ተለኩሶበታል። እሰይ! ጫካው እኮ ነውረኛ ነበር። ግንዱ በወደቀበት ይጋደማል፣ ላዩ ላይ እንጉዳይ ያበቅላል፣ ሀፍረት የሚባል አያውቅም።

የኔን ልብ የወሰደው ግን ከክምሩ ፊት የቆመው ሰውዬ ነው። ካናቴራው «ካርቦን እንቀንስ» ይላል፤ ከጀርባው ጭሱ ሰማይ ነክቷል። እንዲህ ያለ ሰው በግንድ ብቻ ባይቆም ምን አለበት! የድንጋይ ሽበቱንም ይፋቅልን። ቅርንጫፉን ያበጥር። የረገፈውን ቅጠል በመጠን በመጠኑ ይደርድር። መግቢያው ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ ወፎቹን «እግራችሁን ጠርጋችሁ ግቡ» ይበልልን። እምቢ ካሉ ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋምላቸዋል። ኮሚቴው ሪፖርት ያቀርባል፤ ሪፖርቱም በፎቶ ይደገፋል።

ግንዱን የሚያበሰብሱት ፈንገሶቹማ ምን ዋጋ አላቸው? ዘገምተኞች! እንጨትን የሚያጠነክረውን ሊግኒን አፈራርሶ መጨረስ የሚችል ከነሱ በቀር እምብዛም የለም። አንዳንዱ ሊግኒኑንም የእንጨቱ ክር የተሠራበትን ሴሉሎስንም ይበላል፤ የሚቀረው ነጣ ያለ፣ ሲስቡት የሚተረተር እንጨት ነው። ሌላው ሴሉሎሱን በልቶ ሊግኒኑን በአብዛኛው ይተዋል። ግንዱ ቡናማ ይሆናል፣ በአራት ማዕዘን ይሰነጠቃል፣ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ያ ፍርፋሪ ካርቦኑን ይዞ አፈር ውስጥ ለረጅም ዘመን ይቀመጣል።

ከዓለም ደን ካርቦን 8 በመቶ ያህሉ ያለው በሞተ እንጨት ውስጥ ነው። ትልቅ ግንድ በስብሶ ለማለቅ አሥርተ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ብርዳማ ቦታ ከ100 ዓመትም ያልፋል። ፈንገሱም እየበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልቀቁ አይካድም። ግን ቀስ እያለ። ጀግናችን ምሳ ሳይደርስ ጨረሰው።

አሁንስ በዛ! ለማገዶ የሚለቅመውን ችግረኛ አላልኩም። ለፎቶ ብላችሁ የምታነዱትን ነው። ጥንዚዛ የሚኖርበትን፣ ችግኝ የሚበቅልበትን ግንድ ቆሻሻ ነው ያላችሁ ማን ነው? ማንስ ላካችሁ? ተዉት!

ከእሳት የተረፈው ግንድ ላይ ያለውን እንጉዳይ በእርግጫ ያፈረሰው ጎረምሳም ምስጋና ይድረሰው። እንጉዳዩ ፍሬው ብቻ ነው፤ ፈንገሱ ራሱ ቀጫጭን ክር ሆኖ ግንዱ ውስጥ ተሰራጭቷል። ዝናብ ሲጥል እንደገና ብቅ ይላል። ልጁ ጫማውን አጥብቆ ይሰር።