ይድረስ አውሮፕላን ለሚመሩት ለክቡር የበረራ ሬዲዮ ምልክት፣ ካሉበት

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ጎጃም ውስጥ፣ ከደመናው በታች ያለነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ከደመናው በላይ ያሉት እንዴት እንደሆኑ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ ያውም ደስ ባለዎት ሰዓት።

የምጽፍልዎ ስለ ጠፉ አይደለም። መጥፋትማ ለምደነዋል፤ መብራቱም ይጠፋል፣ ውሃውም ይጠፋል። ቪኦአር የሚባለው ወንድምዎ፣ መሬት ላይ ካለ ጣቢያ ለአብራሪው አቅጣጫ የሚነግረው፣ በዚህ ረገድ ጨዋ ነው። ተራራ ዘልቆ ማየት አይችልምና ጮቄ ከመካከል ገብቶ ሲጋርደው መሣሪያው ላይ የማስጠንቀቂያ ባንዲራ ብቅ ይላል፤ አብራሪውም «ይሁን» ብሎ ሌላ መላ ይፈልጋል። የእኔ ክስ ሌላ ነው። እርስዎ ሳይኖሩ ያሉ ይመስላሉ።

ይጠየቁ እንግዲህ!

ኤንዲቢ (የመሬት ላይ አሮጌ የሬዲዮ መሪ ጣቢያ) በሚባለው በአሮጌው ስምዎ ሲሠሩ የአውሮፕላኑ መርፌ ወደ እርስዎ ጣቢያ እንዲያመለክት ነበር የተቀጠሩት። ክረምት ገብቶ ጮቄ ላይ መብረቅ ሲያጓራ ግን መርፌው ጣቢያውን ትቶ ወደ መብረቁ ይዞራል። ፍጥረት ሁሉ ከመብረቅ ሲሸሽ እርስዎ «መንገዱ በዚህ ነው» ይላሉ! ባንዲራ የለ፣ ይቅርታ የለ። ምስኪኑ አብራሪ የጣቢያዎን ስም በጢጥታ የሚናገረውን የሞርስ ድምፅዎን ጆሮው ላይ አድርጎ «አሁንም አሉ?» እያለ ሲያዳምጥዎ ይመጣል። ሲመሽ ደግሞ ይብስብዎታል፤ ከላይኛው አየር እየነጠሩ ይመለሱና መርፌውን ያቅበዘብዙታል።

አረጁ፣ በጂፒኤስ ተተኩ ሲሉን ደስ ብሎን ነበር። 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሳተላይት ላይ የተቀመጠ ሹም መቼም መብረቅ አያስደነግጠውም ብለን ነው። ለካ ከዚያ ድረስ ተጉዘው መሬት ሲደርሱ ጉልበትዎ የአንድ ዋት ቢሊዮንኛ እንኳ አይሞላም። በእ.ኤ.አ. 2013 አሜሪካ ውስጥ ከ30 ሺህ ዶላር በላይ የተቀጣው የመኪና ሾፌር ያደረገው ምን ነበር? አሠሪው ያለበትን እንዳያውቅ አንዲት ትንሽ የሬዲዮ ምልክት ማፈኛ መሣሪያ መኪናው ላይ ሰካ፤ እርስዎም በኒውአርክ አየር ማረፊያ አጠገብ አብረው ታፈኑ። ከሥራ የሚሸሸግ አንድ ሾፌር ያሸነፈው ሹም! (እኛ ዘንድስ የምድር ማግኔት መሐል መስመር፣ መግነጢሳዊው የምድር ወገብ፣ በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ ማፈኛም አያስፈልግዎትም፤ ጀንበር ስትጠልቅ የላይኛው አየር ራሱ ያንቀጠቅጥዎታል።)

መታፈንዎን እንኳ ይቅር ብለን ነበር። በእ.ኤ.አ. 2024 የፊንላንዱ አየር መንገድ ፊንኤር ወደ ኢስቶኒያዋ ከተማ ወደ ታርቱ የሚያደርገውን በረራ በእርስዎ መታወክ ምክንያት ለአንድ ወር ሲያቋርጥ ቢያንስ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ የሉም፣ አይኬድም። ሌላ ሰው በስምዎ የሐሰት ምልክት ሲልክስ? በዚያው ዓመት በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ሰማይ ላይ ያሉ አውሮፕላኖችን ቤይሩት አየር ማረፊያ ቆመዋል እያሉ ሲምሉ ከረሙ። እንዲህ የተታለለ አውሮፕላን ሰዓቱ ሳይቀር ይዛባል፤ ከተራራ ሁሉ በላይ እየበረረም «መሬት! ከፍ በል!» ብሎ ሊጮህ ይችላል። በጎጃም የቅኔ ቤት ሰሙ ቢያሳስት ወርቁ ይክሳል። የእርስዎ ግን ሰሙም ወርቁም ውሸት ነው።

ባለፈው ክረምት ወደ አገሬ ስመለስ ካፒቴኑ «ምልክቱ ስላላስተማመነን ጥቂት እንቆያለን» አለና ደመና ላይ መዞር ጀመርን። ከጎኔ የተቀመጡት እማሆይ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣

«ልጄ፣ መንገዱ ጠፍቷቸው ነው?» አሉኝ።

«መንገዱ አልጠፋቸውም እማሆይ፤ የሚመራቸውን ማመን አቅቷቸው ነው።»

«ታዲያ ዓባይን ይዘው ሽቅብ ቢሄዱ ጣና ላይ ያደርሳቸው የለም ወይ?»

ምክሩን ለካፒቴኑ አላደረስኩለትም፤ ዓባይንም ደመናው ውጦት ነበር። ነገር ግን እማሆይ አልተሳሳቱም። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን እንዲያ ሲከብብ ኖሯል፤ አንድም ቀን «ከቤይሩት ነው የመጣሁት» አላለም።

እንዲያው ለፍትሕ ስል አንድ ነገር ልጨምር። ያለ እርስዎ ደመና ውስጥ መውረድ እንዴት እንደሚከብድ አላጣሁትም። በሰላም የምንደርሰው ግን እርስዎ ስለሚታመኑ ሳይሆን አብራሪዎች እርስዎን ብቻ ስለማያምኑ ነው። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ከውጭ ምንም ሳይሰሙ የራሳቸውን እንቅስቃሴ እየመዘኑ ያሉበትን የሚያሰሉበት መሣሪያ አላቸው። ድግሱን በኃላፊነት ተረክበው ሳለ «ምናልባት» ተብሎ በጓዳ ሌላ ድግስ እንደ መደገስ ነው፤ እኔ ብሆን አፍር ነበር።

ስለዚህ ፍርዱን ለማቅለል እንታረቅ። ሙሉ ቀን ይሥሩ አልልዎትም። ሲጠፉ ብቻ «ጠፋሁ» ይበሉ፤ ባንዲራዎን ያውጡ፤ ከመብረቅ ጋር ያለዎትን ዝምድናም ያቋርጡ። ዋስ ይጥሩ እንዳልልዎት፣ ዋስዎ ራሱ ያለበትን የሚያውቀው በእርስዎ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ደመና ላይ የተንጠለጠሉ ተሳፋሪ

ግልባጭ፦
ለመብረቅ፣ መርፌውን እንዲመልስ
ለጮቄ ተራራ፣ ለመረጃ ያህል